ሁለትና ሦስት

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ በላኔሊ ከተማ፣
ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ጎን፣ ቀትር በማይገፋው ጨለማ፣
ኤልቬድ ፕሮሰር ተቀምጦ ሽቦ ሲያጣምር ይውላል፤
መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ፣ ከካውያው ስታኞ ይጤሳል።
እኔ ኔሪስ፣ የእህቱ ልጅ፣ ገመድ ላጭ ተቀጣሪ፣
አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከትምህርት ቤት ቀሪ።

ዘመኑ ሰማንያ ሦስት፤ ኮምፒውተር በየቤቱ፣
እንደ አዲስ አማች ገብቶ ሰው ግራ የገባበት ወቅቱ።
የከብት ሐኪሙ ዮርዌርት ስክሪኑን ታቅፎ መጣ፤
የቄሱ ጸሐፊ ሞደሟን፤ የባንኩ ሰው ትዕግሥት አጣ፤
ሁሉም አንድ እሮሮ ያዘ፦ «ገጥሟል፤ ቃል ግን አልወጣ።»

ወይዘሮ ትሬሃርን፣ የሬሳ ሣጥን ነጋዴ፣
ማተሚያ አቅፈው ገቡ፦ «ይኼ ነገር ዲዳ ነው እንዴ?
ካርቶኑ ‹ተስማሚ› ይላል፤ ሻጩም ምሎልኛል፤
ሃያ አምስቱ እግር ከሃያ አምስቱ ቀዳዳ ልክክ ብሎልኛል፤
ታዲያ ምን ይዘጋዋል?»

ኤልቬድ አልሳቀም። መፍቻ አነሣ፣ ክዳኑን ፈታ፣
መብራት ያላትን ሣጥን መሀል ሰካ በእርጋታ።
ሁለት ቁጥር ቀይ በራች። ሦስት ቁጥር ጨለማ።
ሁለቱም ይለፈልፋሉ፤ አንዱም አንዱን አይሰማ።

«ይኸውልዎ እሜቴ፣ ሁለት አፍ ነው፣ ሦስት ጆሮ፤
ኮምፒውተሩም በሁለት፣ ማተሚያውም በሁለት ጀምሮ፣
አፍ ለአፍ ገጥመው አደሩ፣ ጆሮ ተደፍኖ በጆሮ።
የቀሩት ቆመው ያያሉ፣ ሥራ ፈት ሽማግሌ መስለው፤
ሰባት ብቻ መሬት ነው፣ ሁለቱንም የቻለው።»

«ደንብ የለውም?» አሉ።
ደንብማ አለ፤ መደርደሪያው ላይ፣
ሻይ የፈሰሰበት መጽሐፍ፣ ከአሮጌ ካርቶን በላይ።
ወጥ ነው ብለው አጸደቁት፤ ማኅተም አርፎበት ታወቀ፤
ጨው ሲጨምር ግን ሁሉም በየጓዳው ተደበቀ።
አንዱ ስድስትን ቆረጠ፤ ሌላው ሃያን አዞረ፤
ያ ከኦሳካ የመጣው አሥራ አንድ ላይ ቀጠሮ ፈጠረ።
ሁሉም መጽሐፉን ጠቀሰ። ሁሉም ልክ ነበረ።

ላጥሁለት። ሁለትን ወደ ሦስት ወሰደ፣ ሦስትን ወደ ሁለት መለሰ፤
ስታኞዋ ጠብ ስትል ጢሷ ፊቱን ዳበሰ።
መስማማት ለካ መሰማማት ነው እንጂ መምሰል አልነበረም፤
ልክክ ያለውን ቆርጠው ካላጣመሙት ቃል አይሻገርም።

አሁንም ዝም።
አራተኛው «ልናገር?» ይላል፤ አምስተኛው መልሱን ይጠብቃል፤
ማተሚያው ግን ፈቃድ መስጠት ከየት ተምሮ ያውቃል?
ኮምፒውተሩ እስኪመሽ ደጅ ይጠናል።

ኤልቬድ ጥፍር የምታህል ሽቦ ቆርጦ ቆለመመ፣
አራትን ከአምስት፣ እዚያው ጉያው ውስጥ፣ አሰረና ደመደመ፤
ራሱ ጠይቆ ራሱ «ተናገር» እንዲል ለራሱ።
«ይኼ ውሸት አይደለም?» አልሁ።
«ነው፤» አለ፤ «ቃሉ ግን ሳይነካ ይደርሳል ከነነፍሱ።»

ማተሚያው ጮኸ፣ እንደ ተረገጠ ድመት፤ ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ፦
ጥድ፣ የናስ እጀታ ስድስት፣ ሐሩ ነጭ፣ ዋጋው የተቆረጠ።
ወይዘሮ ትሬሃርን ሦስት ፓውንድ ቆጠሩ፤
«ሙት እንኳ ወረፋ ይጠብቃል» እያሉ ወጡ ከበሩ።

መሸ። ከፎቁ ደረጃ ጫፍ የአክስቴ ካፖርት ተሰቅሏል፤
ማየር ከሞተች ሁለተኛው ክረምት ዘንድሮ ያልቃል።
ከታች ሆኜ ገመድ ስልጥ ድምፁ በጣሪያው ይመጣል፤
«ሻይ ላፍላልሽ?» ይላል።
ጥቂት ይቆያል።
«አፍላ» ይላል።