ራስጌ

በሳሬማ ደሴት፣ ባሕሩ በረዶ ሲለብስ፣
ጀልባው ሁሉ ደርቆ ቆሞ ነፋስ ብቻ ሲመላለስ፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ኬብል ከተጠላለፈበት፣
የሌሊት ዘበኛ ነኝ እኔ፤ በር የለኝም የምቆምበት።

ቪርቬ ደወለች ከላይ፣ ነርሷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአሥር ሲል፣ የሰባት ቁጥር አልጋ፣
ራስጌው ላይ ያለው ማሽን ዝም ይላል በየሌሊቱ፤
ልብ ሳይቆም መስመር ቆሞ፣ የእኔን ልብ አቆመው በከንቱ።»

ወጥመዴን ዘረጋሁ እንግዲህ።
ከስዊቹ አንዱን ቀዳዳ መስተዋት አደረግሁት፤
የሚያልፈውን ሁሉ ቀድቼ ወደ ዳታቤዝ ላክሁት።
ፓኬት መቼም ሁለት ነገር ነው፤ ራስጌ አለው፣ ሆድ አለው፤
ራስጌው፦ ከማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ባይት ነው።
ሆዱን ግን አልነካሁም። ሕግም አለ፣ ነውርም አለ፤
የሰው ሆድ ለሰው ይቅር፣ እንደተዘጋ፣ እንዳለ።

ጠዋት ሠንጠረዡን ከፈትሁ። አርባ ሚሊዮን ረድፍ!
አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ መረቡን ሲያራግፍ
ትንንሹን ወደ ውኃ ይመልሳል፤ «ዓይኑ ሰፊ ይሁን» ይላል፤
የእኔ መረብ ዓይን የለውም፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

በሰዓት አጠበብሁ፣ ላኪውን ለየሁት በቁጥር።
ተገኘ! ከዚሁ ከምድር ቤት፣ ከአሮጌ መደርደሪያ ሥር፣
ጡረታ የወጣው ኤንደል ተክሎ የረሳው ሣጥን
ሌሊት ሌሊት ይገለብጣል የስንት ዓመት ራጅ፣
ወደ ፈረሰ አድራሻ፣ መልስ ወደሌለው ደጅ፤
«አለህ?» ይላል፤ ዝም ሲሉት ደግሞ ይልካል፣ ደጋግሞ፤
የሰው ልብ ምት ከኋላው ወረፋ ይጠብቃል ቆሞ።

ገመዱን ነቀልሁት።
ለኤንደል ደወልሁለት፤ ሳቀ፣ «እስካሁን ይሠራል?» አለኝ፤
ከሳቁ ውስጥ ትንሽ ኩራት፣ ትንሽ ብቸኝነት ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ጠራ። ዘጠኝ ከአሥር ደርሶ አለፈ።
ከሰባት ቁጥር ራስጌ፣ በየሰከንዱ፣ ያልተዛነፈ፣
አንድ ፓኬት፣ መቶ አሥራ ሁለት ባይት፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ፤
ማየት ለመድሁት፣ እንደ ሰው ኮቴ በበረዶ መንገድ።

በአራተኛው ሌሊት
ረድፎቹ መልካቸው ተለወጠ። አምስት መቶ ባይት፣ ስድስት መቶ፣
እየተጋፉ፣ ጥድፊያ ጥድፊያ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ፤
ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እንዲሁ።
ለአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ጉዳይ ሲል፣
ምንም።

ኬብሉን ነካሁ። ስዊቹን አየሁ። አረንጓዴው መብራት በርቷል።
የስድስት ቁጥር ይመጣል፣ የስምንት ቁጥር ይመጣል።
ሆዱን አልከፈትሁም፣ ብያለሁ፤ የሰውየውን ስም አላውቅም፤
ራስጌው ግን ነገረኝ። ራስጌ ምሥጢር አይጠብቅም።

ስልኬ አልጮኸም። ቪርቬም ዝም። ምን ብላ ትደውላለች?
ያን ዓይነቱን ዝምታ እኔ እንደማልጠግነው ታውቃለች።
ከሠላሳ ቀን በኋላ ዳታቤዙ ራሱን ይጠርጋል፤
የእሱም የመጨረሻ ረድፍ ከኤንደል ራጅ ኋላ ይሄዳል።

ሲነጋ የሥራ መዝገቡን ሞላሁ፤ ፊርማዬም ቀኑም ይኸው፤
«ብልሽት» ከሚለው ፊት ለፊት፦
የለም። መስመሩ ደኅና ነው።