ሰባት ቤት

በሃገርማን ሸለቆ፣ በአይዳሆ ምድር ላይ፣
ውሃው ከጥቁር ገደል ይወርዳል። ከሰማይ
ዝናብ ባይመጣም፣ በረዶም ቢቆለል፣
ሙቀቱ አይለወጥ፣ አይሞላ፣ አይጎድል።

ትራውቱ በየገንዳው ለገበያ ይሰባል፤
መኖ ሲበተንለት ተጋፍቶ ይበላል፤
የሰው ጥላ ካየ ወደ ላይ ይመጣል።
የወንዝ ዓሣ ቢሆን ጥላ አይቶ ይሸሻል።
«በጥቂት ትውልድ ብቻ» ይላል ላማር፣ «ይህን
እንዲህ አርገን ሠራን፤ ፍርሃቱን ነጠቅን።»

የእኔ ሥራ ግን ከጀርባ ባለው ቤት፣
ጣራው ዝቅ ብሎ ብርሃን ከሚፈዝበት፣
ስተርጅኖች ካሉበት።
ቅርፊት የላቸውም፤ በጀርባቸው ረድፍ
አጥንት ደርድረዋል፤
ጢማቸው የገንዳውን ወለል ይዳስሳል።

አንዷ በዕድሜዋ እናቴን ትበልጣለች።
ክንፏን በመቀስ ስነካት ዝም ትላለች።
«ይቅርታ ያድርጉልኝ» እላለሁ ቀስ ብዬ፤
እንዴት አንቺ ልበል፣ ታላቄን ደፍሬ?

የምስር ክክ የምታህል ቁራጭ፣ ብልቃጥ ውስጥ ገብታ፣
ማይቴ ትወስዳታለች፤ ማሽኑ ሲያጉረመርም ያድራል ማታ፤
ሲነጋ ስክሪኑ ላይ አራት ፊደል ይፈስሳል።
አራት ብቻ!
እኛ ከሁለት መቶ በላይ ቆጥረን
ስንቱን ሳንናገር፣ ስንቱን ሳንጽፍ ቀረን።
ስተርጅን በአራቱ፣ ያውም ስምንት ስምንት ጊዜ ገልብጦ፣
ጢሙን፣ ጋሻ አጥንቱን፣ ወንዝ የማወቅ ነገሩን
ለልጅ ልጁ ሰጥቶ።

ሰኔ ሲገባ ላማር ጥንዶቹን መረጠ፤
ሠላሳ ዓመት ባየ ዓይኑ መዝኖ ቆረጠ፤
ትልቋን ከትልቁ፣ ጤነኛን ከጤና፤
«እነዚህ ናቸው» አለ፣ «ይኸው ቁንጅና።»
ማይቴ ሰንጠረዧን ዘርግታ አየችና
ራሷን ነቀነቀች።
«እህትና ወንድም ናቸው» አለች።

ወንዙ በግድብ ተቆራርጦ፣ በየክፍሉ ታጥረው፣
ጥቂት ወላጅ ቀርቶ ሁሉም ዘመድ ሆነው፣
ማን ከማን ይጋባ?
በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት
ጣት ታጥፎ ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት፤
አያት፣ ቅድመ አያት፣
ቅማያት፣ ሽማት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት።
የማይቴ ሰንጠረዥም ይህንኑ ይቆጥራል፤
ዓሣ ግን «የእገሌ ልጅ ነኝ» መች ይላል?
ሐረጉን ከክንፉ ጫፍ ሰው ያነብለታል።

«ታዲያ ማን ይሁናት?» አለ ላማር ተቆጥቶ።
ማይቴ ወደ ጥግ ጠቆመች።
አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣
የጀልባ ሞተር ጀርባውን የከተፈው፣
ላማር ራሱ ከመዝገብ የሰረዘው፣
ቁጥር አርባ አንድ።
ሌላ ማንም የሌለው ፊደል በደሙ ያደረ፤
ግድቡ ሳይሠራ በፊት ከነበረ
ከአሮጌው ወገን ምናልባት የቀረ።

ላማር አልመለሰም። ባልዲውን አነሣ።

እንቁላሉ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል።
ከአርባ አንድ ዘር ጋር በዝይ ላባ አማሰልን፤
እንዳይጣበቅ በደለል አሸን።
በሦስተኛው ቀን ግማሹ ነጣ፤ ሻጋታ በላው።
ማይቴ በወረንጦ እየለቀመች ጣለችው፣
አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣
አንገቷ እስኪደነዝዝ ድረስ።

በስምንተኛው ሌሊት ተፈለፈሉ።
የሽፋሽፍት ቁራጭ ያህሉ፣ ዓይናቸው ነጥብ፣
ውሃው ውስጥ የሚንቀጠቀጡ፣ ገና ስም የለሽ ቤተሰብ።
ላማር ባትሪ ይዞ መጣ። ቆቡን አወለቀ።
በብርሃኑ መሐል እጁን አሳለፈ፤
ጥላው ሲወድቅባቸው
እንደ ተነፋ አመድ ተበተኑ።
«አየሽ?» አለ። «አየሽ፣ ይሸሻሉ!»

«ይህንን ከአባታቸው አትቁጠረው» አለች ማይቴ፤
«በዚህ ዕድሜ ሁሉም ይሸሻል፤ የገንዳው ልጅም።»

ላማር አልሰማም።
እጁን መለሰ፤ ደግሞ አሳለፈ፤ ደግሞ መለሰ፤
ባትሪው እስኪደክም፣
የማለዳው መኖ መኪና ጓሮው እስኪደርስ።