የማይነድ ጣራ

አቃቂ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣ ወንዙ በየቀኑ
ቀለም እየለወጠ ከሚያልፍበት ሰፈር፣
ያባቴ ቤት ጣራ ቆርቆሮ አልነበር።
ግራጫ ነው፣ ወፍራም፣ እንደ ዝሆን ጆሮ፤
ዝናብ ሲወርድበት አይንጫጫም እንደ ጎረቤት ቆርቆሮ።
«ኢተርኒት» ይለዋል፣ ቃሉን ከጣሊያን ፎርማን አፍ ለቅሞ፣
ከጋራዡ ጓሮ፣ ከተጣለ ክምር፣ በትከሻው ተሸክሞ
ያመጣው ነው እንጂ ሳንቲም አላወጣም።
«አይነድ፣ አይዝግ፣ ምስጥ አይበላው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

በመጋዝ ሲቆርጠው ጫፉን የደገፍኩት እኔ ነኝ፣
ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለወንድ ሥራ ታጭቼ ኩራት የነፋኝ።
ነጩ ብናኝ ተነሥቶ ፀሐይ ሲገባበት
ብልጭ ብልጭ ይላል። ያምራል፣ ምን ልበላችሁ።
ቅንድቡ ላይ አርፎ፣ ጢሙ ላይ አርፎበት
«አባዬ፣ አረጀህ!» ብዬ ሳቅኩበት።
ሳቀ፣ ደግሞ ሳለ፤
«እርጅናውንስ ባደለኝ» አለ።

ስሙ እርገጤ ነው፣ ሥራው ደግሞ ፍሬን፤
የጋራዡ ሰዎች በዚህ ሲስቁ ኖሩ።
ያውቶቡስ ፍሬን ሸራ ሲሞርድ ውሎ፣ ሲመሽ
ከደጃፍ ይቆማል፣ እናቴ የጠረገችው ቤት እንዳይበላሽ፤
ቱታውን ጠፍ ጠፍ፣ ጠፍ ጠፍ አድርጎ
ይገባል አራግፎ።
አራገፈ ስል
ከራሱ ላይ ብቻ ነበር የመሰለኝ፤
ሸክም ሲራገፍ የሚቀበል ትከሻ እንዳለ ማን ነገረኝ?

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሰማያዊ ሳፋ፣
ቱታውን አጥባለሁ። ሳልነክረው በፊት
ከግንቡ አጋጨዋለሁ፤ ብናኙን ሲተፋ
ዓይኔን እጨፍናለሁ።
አፍንጫዬን አይደለም፣ ዓይኔን።

በጥቅምት ሞተ። «ብርድ ነው» ተባለ፤
ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጠበል፣ የነቀርሳ ኪኒን፣ ያልቀመሰው የለ።
ትንፋሹ አጥሮ አጥሮ
አንድ ጭልፋ ሾርባ የማያበርድ ሆነ፣ ከዚያ አለቀ።

እኔ ሃምሳ ሁለቴ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስተምራለሁ፤
ዘንድሮ ደረጃው መሐል ላይ ቆሜ
ማስታወቂያ የማነብ እመስላለሁ።
ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ደብተር ያረምኩለት ዓይነት።
«ሲጋራ?» — «ኧረ በማርያም!»
«የማገዶ ጭስ?» — «እንደ ሰው ነው፣ አይበዛም።»
«ሥራሽስ?» — «አስተማሪ። ጠመኔው ይሆናል ያሳለኝ።»
ፎቶዬን ወደ መብራቱ አንሥቶ ብዙ ዝም አለ፣
«ጠመኔ እንዲህ አይጽፍም» አለኝ።
ቀጥሎ ስለ አባቴ ጠየቀ፤ ነገርኩት፣ ፍሬኑን፣ ጣራውን።
እስክሪብቶውን አስቀመጠና
«ልብሳቸውን ማን ያጥብ ነበር?» አለ።
አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሣው ሳፋ
ጠረጴዛው ላይ መጣና ተቀመጠ።

ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቷል ግንቡ።
በመዶሻ ጀምረዋል፣ ከነ አያንቱ ቤት፤
ቆራሌው ከበሬ ቆሞ ጣራዬን ይለካል በዓይኑ።
«እትዬ፣ ለዶሮ ቤት ይሆናል፤ ዋጋ ጥሪ።»
«አይሸጥም።»
«ሊጣል ነው እኮ!»
«ይጣል። ውሃ አርከፍክፈው፣ ሳይሰበር ያውርዱት፣
ጠቅልለው ይቅበሩት።»
እንደ እብድ አየኝ። ጣራ ይቀበራል?
ሰው የቀበረውን ጣራ፣ ሰው ባይቀብረው ምን ይገርማል።

ከአስፋልቱ ላይ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሠርተዋል፤
መስመሩ ነጭ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እጅ የማይዘው ሥዕል።
የጻፉበት ግን የኢተርኒት ስባሪ ነው።
ካርቶን ሙሉ ጠመኔ አመጣሁ፣ «እንለዋወጥ» አልኳቸው፤
አንድ በአንድ አስረከቡኝ፣ እየተሳሳቁ።
አንዱ ግን፣ ደራራ የሚሉት፣
አንዱን ሰጠኝና ሌላው ኪሱ ውስጥ ቀረ፤ አየሁት፤
ኪሱ አፍ ላይ ያችን የማውቃትን ዱቄት።
ልቆጣው ብዬ አፌን ስከፍት
የሐኪሙ ጥያቄ ወጣ፦
«ይህን ቁምጣ ማን ያጥብልሃል?»

«እህቴ» አለ።