ባዳው ጥርስ

ኩሪብጋ ላይ ባሕር የለም፤
ቢጠሩትም አቤት አይልም።
ነጭ አቧራ፣ የፎስፌት ክምር፣
ሌት ተቀን የሚያቃስት ባቡር፣
ከዚያ ወዲያ ጠጠር፣ ደግሞም ጠጠር።

ቡሽታ ግን ይወርዳል፣ ባትሪውን ግንባሩ ላይ አስሮ፤
ማሽኑ ንቆ ካለፈው ጥግ፣ ተንበርክኮ፣ በጥፍሩ ቆፍሮ፣
እፍ ብሎ፣ በምላሱ ጫፍ አርጥቦ፣
ጨርቅ ላይ ያኖረዋል፣ እንደ ደብዳቤ አንብቦ።

«ይህ ቀጭኑ፣ እንደ ወስፌ የሾለው፣
የሚያሙለጨልጭ ዓሣ ነው የወጋው።
ይህ ሰፊው፣ ጠርዙ መጋዝ፣
ሥጋ ነው የቆረጠው፣ ሳይል ለዘብ፣ ሳይል ፈዘዝ።
ይህ ድፍጥጡ፣ እንደ ወፍጮ መጅ፣
ቀንድ አውጣ የፈጨ ነው፣ ከውኃው ደጅ።
ለብ ያለ ባሕር ነበር፣ ጥልቀት የሌለው፤
ፀሐይ ወለሉ ድረስ የምትገባው።»

ሻርክ አጥንት የለውም፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ልም ነው፤
በሞተ ማግስት እንደ ጨው የሚሟሟው።
ዘመድ የተባለው፣ ሥጋው፣ ክንፉ፣ ቆዳው፣
ሁሉም ከድቶት ሄደ፤ የቀረው ባዳው።
«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የአገሬ ሰው ሲተርት፤
ያው ባዳ ቆመ እንጂ፣ ባሕሩን ሊመሰክርለት!

ምስክርም ግን ይገዛል።
ከኤርፉድ የሚመጣው ነጋዴ፣ ስባሪ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።
ስለዚህ ቡሽታ አንዳንድ ማታ፣ በሩን ዘግቶ፣
የላይኛውን ንብርብር ሥር ከታችኛው ጫፍ አጋብቶ
በሙጫ ያስታርቃል።
በመካከላቸው ስንት ሚሊዮን ዓመት አለ፤
በአንዲት ጠብታ ተዘለለ።

ጊዝላን ታየዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው።
«አባ፣ የዚህኛው ባሕር መቼ ነው የነበረው?»
ዝም።
ሙጫው ይደርቃል።

ትናንት የእሷም የፊት ጥርስ ወለቀ።
«የአህያ ጥርሴን ውሰጂ፣ የሚዳቋ ስጪኝ» ብላ፣
ለፀሐይ መወርወር ነበረባት፣ ሰገነት ላይ ወጥታ።
አልወረወረችም። ባትሪው ሥር አገላበጠችው፤
ቡናማ ጭረት አለው፣
እንደ ዝገት፣ እንደ ሻይ አተላ፣
የጉድጓዱ ውኃ የጻፈው።
ውኃው የሚመነጨው ከዚያው ከጥርሶቹ አልጋ ነው፤
የሞተው ባሕር በባልዲ ነው ቤት የሚገባው።
ቡሽታ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚከድነው፣
ሰፈሩም ሁሉ እንዲያ የሚስቀው፣ ለዚህ ነው።

ከሻርኮቹ ተርታ፣ ጨርቁ ላይ አኖረችው።
«እስቲ ይህንንም አንብበው» አለችው።

ቡሽታ እንደ ልማዱ በምላሱ አረጠበው።

ጨው ጨው አለው።