የጠባሴው መጋዘን

ላቀው ጠባሴ ላይ መጋዘን ተከራየ፤
ስንዴው ወጥቶ አልቆ አይጡ ብቻ የቆየ።
በሩ ላይ ጽፎበታል፣ በቀይ ቀለም፣ በእጁ፦
«የሙዚቃዊ ድራማ ታሪክ ቤት።» ወዳጁ
እኔ ነኝና ልምከረው፤ ግን ከየት ልጀምር?
በብርድ ልብስ አገር ለትዝታ ማን ብር
ከኪሱ ያወጣል? አልኩት። ሳቀ ላቀው፤
«ያንተ አምፖል አይደል ወይ አዳራሹን ያሞቀው?
ያኔስ ማን አዋጣ?»

ገባን።

አኮርዲዮን አለ፣ ሳንባው የተቀደደ፤
ሲከፍቱት ሳል ብቻ፤ ዜማው የት ወረደ?
የንጉሥ ዘውድ አለ፣ ከዘይት ጣሳ የተሠራ፤
ከውጭ ወርቅ ተቀብቶ ዛሬም የሚያበራ፤
ገልብጠው ካዩት ግን ከውስጥ የተጻፈው፦
«የእርዳታ፤ አይሸጥም።» ስንቱን ዙፋን አለፈው!

መጋረጃው ስምንት ብርድ ልብስ ነው፣ ውራጅ፣
ፋብሪካው በስህተት ቀለሙን ያበላሸው፤
መሐል ሜዳ ሄደን፣ የጓሳ ነፋስ ሲፈጅ፣
ትያትሩ ሲያበቃ አውርደን የለበስነው፤
ንጉሡም ሎሌውም፣ ሟችና ገዳዩ
ተቃቅፈው ያደሩ፣ ሌት ሳይለያዩ።

ፕሮግራም አለ ደግሞ፣ በስቴንስል የታተመ፣
የስሞቹ ቀለም ደብዝዞ የታመመ፤
አንዱ ስም ተሰርዟል፣ በእስክርቢቶ፣ በሁለት መስመር።
ላቀው ዝም አለ። እኔም። ያ ልጅ ማሲንቆ ነበር።
«ይህን በመስታወት ልዝጋው?» አለኝ ቆይቶ።
«ተወው» አልኩት፣ «ይተንፍስ።»

ባለሙያ መጣ፣ ከባህል ጽሕፈት ቤት፣
ምንዳዬ የሚባል፣ ጨዋ፣ ባለ ደብተር፤
«በወር ጎብኚ ስንት? ገቢውስ ከየት?
አንኮበር ቢሄዱ ፍርስራሽም ቢሆን አለ ከተራራው፤
እናንተ ምን አላችሁ?
ዘፈን ቅርስ ነው ካልን፣ ቁጥሩ የት ይለጠፋል?
ጀርባው ላይ? ሆዱ ላይ?»
ቀልድ አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ቦታ ጠፍቶበት ነው።
እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው የእኔም ነው።
ድምፅ እኮ ቅቤ አይደል፣ በቅል አይቀመጥ፤
እንደ በሬሳ ውሃ ሲጨብጡት የሚያመልጥ።
ልብሱንስ ሰቀልነው፤ ወገቧን ምን ልናደርግ?
እርምጃዋን በምን ምስማር? ሳቋን በምን ክር?

የተከፈተ ዕለት በረዶ ጣለ። ሦስት ሰው ገባ፦
አንዱ ከበረዶው ሸሽቶ፣ ካፖርቱን እያራገፈ፤
ሁለቱ ተማሪዎች፣ ስልካቸው ሞቶባቸው፣
ሶኬት ጠየቁ፤ መብራት የለም፤ ሄዱ።
ላቀው መዝገቡ ላይ «ሦስት» ብሎ ጻፈ።

አሥራ ሁለት ሲል ግን ሸዋርካብሽ መጣች፣
ከደብረ ሲና፣ በሚኒባስ፣ ጣርማ በርን ወጥታ፤
የጉልበቷን ነገር ደረጃው ላይ ረገመች፣
የሙሽራ ልብሷን ቆማ አየችው ላንድ አፍታ።
«ይቺ ወገብ የኔ ነበረች?» ብላ ሳቀች፤
ወዲያው ተቆጣች፣ ሥሩ ያለውን ወረቀት አንብባ፦
«ማነው ‹አለቀሰች› ብሎ የጻፈው? እኔ መቼ አለቀስኩ!
ሽንኩርት አልቆ ነበር ያን ማታ፤ በደረቁ ነው የዘፈንኩ፤
ያለቀሰውስ ሕዝቡ!»

ላቀው እስክርቢቶ አቀበላት፤ «አርሚው።»
አላረመችም።
ድሮ የእህሉ ሚዛን ከነበረበት ሄዳ ቆመች፤
በሁለት ጣቷ ቀሚሷን ያዝ አደረገች፤
ሳትዞርም፣ እንደዚያ ጊዜው፣ «መብራት!» አለች።

እጄ ግድግዳው ላይ ነበረ፣ እኔ ሳላውቀው።
ማብሪያው ቀጭ አለ። ምንም።
ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ እንደዋለ እያወቅሁ።

ይሳካል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የሁለት ወር ኪራይ አለበት፤
ምንዳዬም አልፈረመም፤ አይጡም አልለቀቀ ከቤት።
እኔ የማውቀው፣ በዚያ ጨለማ፣
ከስምንቱ ብርድ ልብስ ግርጌ፣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ
ሰማሁ።