ዘጠኝ እጀታ

ማግኔት በኪሴ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ፣
ከቡሽራ ሱቅ ደጃፍ ጥላዬን አጠፍኩ።
ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ላይ ጉሙ ተኮፍሷል፤
ደሴ ውስጥ ቅብ ብረት ዓመት መች ይደርሳል?
ወርቅ መሳዩን ሁሉ በማግኔት ነካሁት፤
ዘሎ የተጣበቀው ብረት ነው፣ ተውኩት።
«እህቴ፣ እጀታ ነው፤ ምነው እንደ ሙሽራ
ዘሩን አጠናሽው?» ብሎ ሳቀ ቡሽራ።

ከዚያ ሦስት ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፍኩኝ፤
ባውራ ጣት፣ በትንሿ፣ ሁሉን ሞካከርኩኝ።
መስታወት መሳዩ፣ የሚያብለጨልጨው፣
ዓይን ይጠግበዋል እንጂ ጣት አይጨብጠው።
ቀስት መሳዩ ደግሞ ከጎንና ጎን ጫፍ አለው፤
ከእጅጌ፣ ከሻርፕ ጋር የቆየ ጠብ አለው።

ቡሽራ ሳቁን ዋጠ።
የማንን እጅ ተውሼ እንደመጣሁ ገባው።
ኮምቦልቻ፣ ከፈትል ማሽን ሥር፣
ሙሄ ምን ትቶ እንደተመለሰ ያውቃል።
«ስንት ነው?» ሳልለው ዋጋውን ቀነሰ፤
ስለ ሙሄ አንድም ቃል አልተነፈሰ።

ነሐስ ነው የመረጥኩት። እንጉዳይ የሚመስል፣
አንገቱ ሰርጎድ ያለ፣ ከኋላው ጣት የሚያስተኛ።
የማድ ቤቱ ካቢኔት አሥር በር አለው፤
ከቡሽራ ካርቶን ዘጠኝ ወጣ።
«አሥረኛውስ?»
«አብሽሪ፣ ሰኞ ይገባል።»
የቡሽራ ሰኞ!

ጌጡ አናጢው መጣ ትራፓኖ አንጠልጥሎ፤
«ሜትር ምን ያደርጋል፣ ዓይኔ ሜትር ነው» ብሎ
የመጀመሪያውን በሳና ሳተው።
ያቺ ቀዳዳ ዛሬም አለች፤
በሰጋቱራና በኮላ ተደፍና፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ።
ካርቶን ቆርጬ መለኪያ ልሠራ ተነሳሁ፤
«ከጠርዙ ሦስት ጣት ግባ» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ሙሄ በሩን ደግፎ ቆሟል።
«አምስት ሳንቲ» አልኩት።

የላይኛው በር ከታች ጥጉ፣ የታችኛው ከላይ፤
ፕላስተር ለጠፍን፣ ፊቱ እንዳይሰነጠቅ፤
ከጀርባው ጣውላ ደገፍን።
ብሎኑ ቢረዝም ሮንዴላ ደረብን።
«በቃ!» እለዋለሁ ጌጡን፣ «እንጨቱ እህ ሲል ተው፤
ከልክ በላይ ማጥበቅም መስበር ነው።»

ሲያድፍ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የሳሙና ጠብታ፣
ያረጀ ከናቴራ፣ ከዚያ ደረቅ ፎጣ።
ሽቦና በረኪና ከደጁ አይደርሱም።
በርበሬ የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢነካው
ልጄን ሐያትን እንኳ እቆጣታለሁ።
በወር አንድ ጊዜ፣ ካቻቢቴ ይዤ እዞራለሁ፤
የላላ ካለ ብዬ አንገት አንገታቸውን እነካለሁ።

ድሮ ሌሊት ውሃ ሲጠማው
«ጦይባ!» ይለኝ ነበር።
አሁን ነሐሱ ከእንጨቱ ሲጋጭ፣
ብርጭቆው ሲወጣ፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣
በሩ መልሶ ገጭ ሲል እሰማለሁ።
አይጠራኝም።
ደስ ይለኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።
ጆሮዬ ግን ከትራሱ ተነስቶ ይቀመጣል።

አሥረኛዋ በር እጀታ የላትም፤
አምስት ጥፍር ካልቧጠጣት ፍንክች አትልም።
ስኳሩን ወደ እሷ ያዛወርኩት እኔ ነኝ።
ሙሄ ስኳር የሌለው ሻይ አይቀምስም።
ማታ ማታ፣ «ጦይባ! ኧረ ይቺ በርሽ!»
እያጉረመረምኩ እነሳለሁ፣ የሰለቸኝ መስዬ።

ያ ሰኞ አለፈ፤ ስንት ሰኞ አለፈ።
ቡሽራን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤
ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ክረምቱ እጠይቀዋለሁ።
ስለ እጀታ
አንስቼበት አላውቅም።