የሰመጠው ፍሬ

ከድጎ ጽዮን በላይ፣ ከጮቄ አፋፍ ላይ፣
ውርጩ እንደ ጨው ነጥቶ፣ ሳትወጣ ፀሐይ፣
መሰላል ተሸክመን ደረስን ከደብር፤
ስድስት ጥድ ብቻ ነው የቀረው ካገር ዱር።

አንጓች ቀና ብላ፣ ግንዱን ዞራ አየች፤
«ይሄ ወንድ ነው፣ ልየው፤ አያፈራም» አለች።
«ያ ጎባጣውም ወንድ። ያችኛዋን ውጣት፣
ፍሬው እንደ ጨሌ የተንዠረገገባት።»

እኔ የማውቀው ጥድ፣ በክንድ የሚለካ፣
ምሰሶ ነው፣ ማገር። ሴትም አለው ለካ!
ስንቷን ነፍሰ ጡር ጣልሁ፣ ባባቴ መጥረቢያ፣
ለጨው፣ ለበርበሬ፣ ለሐሙስ ገበያ?

መሪጌታ ውቤ ከታች ይጮኻሉ፤
«ቅርንጫፍ እንዳትሰብር!» ሦስት ጊዜ ይላሉ።
«ለወፏም አስተርፍ፤ ከኛ ትቀድማለች፤
ደሞዝ ሳትጠይቅ ስትዘራ ኖራለች።»

ማታ ከጣቢያው ጓሮ ፍሬውን ጨፈለቅን፣
አሸነው፣ አጠብነው፣ ከባልዲ ዘፈቅን።
ግማሹ ተንሳፎ፣
«ይኸውልሽ፣ ቻለ!»
ብዬ ልዝቀው ስል፣ እጄ ተከለከለ።
«ተወው፣ ልየው፣ ተወው። እሱ ገለባ ነው።
የሰመጠውን ነው እኛ የምንዘራው።»

ባልዲው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤
ስንት ዘመን እኔ ተንሳፍፌ ኖርሁ።

ከሺህ የበቀለው መቶ ሠላሳ ሆነ፤
ጥር ላይ ውርጭ ገባ፣ ሲሶው መነመነ፤
አንድ ሌሊት ደግሞ የሰው ጥጃ ገብቶ
(የማንም አይባል) አደረ ረግጦ፣ በልቶ።
የተረፈው በላስቲክ፣ ከሣር ዳስ ጥላ ሥር፣
ዓመት ሙሉ ጠጥቶ፣ ከጣቴ የሚያጥር።

ባንቴ ባህር ዛፉ አጣና ደርሶለት
«ያንተስ ለመቼ ነው?» ይለኛል በኩራት።
ለመቼ እንደሆነ አላውቅም። አልዋሽም።
ከጥላው ሥር እኔ አርፌ አላመሽም።

በሁለተኛው ሐምሌ፣ ጉም ጮቄን ሲውጠው፣
ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ችግኝ አዝዬ ነው
የወጣሁት፣ ያን አባቴ በምሳር የወጣውን
ዳገት። ጉቶው አለ። ዝናብ አጥቁሮታል።
ከጎኑ ቆፈርሁ።
እስክቀና ድረስ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።
አንጓች ከወዲያ ማዶ «ቶሎ በል!» ትላለች።
ላስቲኩን ቀደድሁ፤ ከነአፈሩ ለቀቅሁት፤
አየሁት።
ሰመጠ።